አይጥ ላይ የሠራው ሰው ላይ ለምን ከሸፈ? የናቭ 1.7 ጉዳይ

በሰሜን ፓኪስታን አንድ ልጅ ነበር። መንገድ ላይ ትርኢት ያሳያል። ክንዱን በጩቤ ይወጋል፣ በባዶ እግሩ ፍም ላይ ይራመዳል። ገና 10 ዓመቱ ሳለ የአካባቢው ሐኪሞች በደንብ ያውቁት ነበር። ይህ ልጅ ሕመም ምን እንደሆነ አያውቅም። 14 ዓመት ሳይሞላው ከቤት ጣሪያ ላይ ዘሎ ሞተ።

ይህን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነበር ብል አልዋሽም። ሕመም የሌለበት ኑሮ ማን ይጠላል? ግን እሱን የሚመስሉ ሌሎች ልጆችን ሁኔታ ሳነብ ቅናቱ ወዲያው ጠፋ። ወላጆቻቸው የሥጋ ዘመዳሞች በሆኑ 3 ቤተሰቦች ውስጥ እንደሱ የሆኑ 6 ልጆች ተገኙ። ስድስቱም ገና ሕፃን ሳሉ ከንፈራቸውን ወይም ምላሳቸውን ነክሰው ጎድተዋል። ሁለቱ የምላሳቸውን ጫፍ፣ ሲሶውን ያህል፣ አጥተዋል። አጥንታቸው ተሰብሮ ሳይታወቅ ቆይቷል። ስትነካቸው ግን ይሰማቸዋል። ሙቁንና ቀዝቃዛውን ይለያሉ፣ ስትኮረኩራቸው ያውቃሉ። የጎደለው ሕመም ብቻ ነው።

የሥጋ ደዌ ነርቩን የገደለበትን ሰው ያየ ይህ ነገር ይገባዋል። ጣቱን የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ በሽታው ራሱ አይደለም፣ ሳይታወቅ የተቃጠለውና የቆሰለው ነው።

በካምብሪጅ የጄፍሪ ዉድስ ቡድን የእነዚህን ቤተሰቦች ደም መርምሮ ጉድለቱን አንድ ጂን ላይ አገኘው። ጂኑ ኤስሲኤን9ኤ ይባላል። ውጤቱ በ2006 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ በኋላ በመድኃኒት ኩባንያዎች ዘንድ የሆነው ሩጫ ነው ማለት ይቻላል። የዛሬው ጽሑፌ የዚያን ሩጫ ታሪክ ይከተላል፣ የት እንደተሰናከለም ለማሳየት ይሞክራል።

መጀመሪያ ግን ጂኑ ምን ይሠራል? ከአከርካሪ አጥንታችን ግራና ቀኝ፣ በየአንጓው፣ የነርቭ ሴሎች የተሰበሰቡባቸው ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ሐኪሞች ዶርሳል ሩት ጋንግሊዮን ይሏቸዋል፣ እኔ የነርቭ ቋጠሮ እያልኩ እቀጥላለሁ። እዚያ ያለው እያንዳንዱ ሴል አንዱን ክር ወደ ቆዳ ወይም ወደ ጡንቻ፣ ሌላውን ወደ ህብለ ሰረሰር ይዘረጋል። የእግር ጣትህን የሚጠብቀው ሴል ክሩ ከጣትህ ተነስቶ ወገብህ ድረስ ይሄዳል፣ አንድ ሜትር ያህል ማለት ነው። አይጥ ላይ ይኸው መንገድ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

በክሩ ላይ ምልክት የሚጓዘው ሶዲየም የሚባለው ማዕድን በጥቃቅን በሮች ወደ ሴሉ ሲገባ ነው። እነዚህ የሶዲየም በሮች 9 ዓይነት ናቸው። ኤስሲኤን9ኤ የሚሠራው ሰባተኛውን ነው፣ ስሙም ናቭ 1.7። ሥራው ትንሹን መነካካት ማጉላት ነው። ገና ደካማ የሆነውን ቅስቀሳ ይይዝና ሴሉ ሙሉ ምልክት እንዲልክ ይገፋዋል።

የፓኪስታኑ ልጅ ከመታወቁ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የዚሁ ጂን ሌላ ገጽታ ታይቶ ነበር። በ2004 የቻይና ሐኪሞች እጅና እግራቸው ቀልቶ የሚነድባቸውን ሰዎች ሲመረምሩ ጉድለቱን እዚሁ ጂን ላይ አገኙት። በሽታው ኤሪትሮሜላልጂያ ይባላል። እነዚህ ሰዎች ላይ በሩ ከሚገባው በላይ በቀላሉ ይከፈታል። ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ እርምጃ ይበቃል፣ እግር ይነዳል። እንግዲህ አስቡት። አንድ በር ሲጠፋ ሕመም ይጠፋል፣ በሩ ሲላላ ደግሞ ሕመም ያብዳል። የመድኃኒት ፈላጊ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ያመጣል? በዚያ ላይ በሩ ልብ ውስጥ ዋና ሥራ የለውም፣ አንጎልም ውስጥ ብዙም አይደለም። ስለዚህ እንደ ሞርፊን ሱስ የማያስይዝ፣ ትንፋሽ የማያፍን መድኃኒት እንሠራለን ተባለ። ተስፋው ከንቱ አልነበረም። እኔም ብሆን እዚያ ላይ ገንዘቤን አወጣ ነበር።

ወደ አይጦቹ እንምጣ። ለንደን ውስጥ የጆን ዉድ ቡድን ናቭ 1.7ን ከአይጥ ላይ ማውጣቱን በ2004 አሳተመ። ጂኑ ከመላ ሰውነታቸው የወጣባቸው ግልገሎች ተወልደው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ወተት አልጠቡም ነበር። ሰዎቹ ግን ያለዚሁ ጂን አድገው ትዳር ይመሠርታሉ! መልሱ የተገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፣ እኔንም ከጠቅላላው ታሪክ ይበልጥ የነካኝ ይህ ነው። በ2011 እነዚህ ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች ሽታም እንደማይሸታቸው ታወቀ። ቡናም ይቆላ፣ ዕጣንም ይጨስ፣ ምንም። አይጦቹም እንደዚያው። ናቭ 1.7 ከአፍንጫ የሚነሳው ነርቭ መልእክቱን ለአንጎል እንዲያስረክብ ያስፈልጋል።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። የአይጥ ግልገል ዓይኑ ተከድኖ ነው የሚወለደው፣ የእናቱን ጡት የሚያገኘው በማሽተት ነው። ሽታ ከሌለው በረሃብ ይሞታል። የሰው ልጅ ግን እናቱ አንስታ ጡቷን አፉ ውስጥ ታደርግለታለች። ጂኑ አንድ ነው፣ ጉድለቱ አንድ ነው፣ ነርቩ ያጣውም ነገር አንድ ነው። አንደኛው ሞተ፣ ሌላኛው አደገ፣ ምክንያቱም ኑሯቸው ይለያያል። በ2014 ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ግልገሎች በእጃቸው እየመገቡ ማሳደግ ችለዋል፣ ያደጉትም ሕመምም ሽታም አያውቁም።

የለንደኑ ቡድን ግን ያኔ ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። ጂኑን ከሕመም ነርቮች ብቻ አወጣ። እነዚህ አይጦች ኖሩ። ቁስልና እብጠት የሚያመጣው ሕመም በእጅጉ ቀነሰላቸው። እሰየው ተባለ። ሆኖም ያው ቡድን በ2005 ሌላም ነገር ጽፎ ነበር። ነርቭ ራሱ ሲጎዳ የሚመጣው ሕመም እነዚህ አይጦች ላይ አልጠፋም፣ እንደ ጤነኛ አይጥ ሁሉ መጣባቸው። በኋላ ከሌሎች ነርቮችም ጂኑ ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ፣ ያም ሌላ ውስብስብ ታሪክ ነው። እኔ ግን እዚህ ጋ ቆም እላለሁ። ብዙ ሰው መድኃኒቱ ሲከሽፍ «አይጥ አታለለን» ይላል። አይጧ ነግራን ነበር እኮ! ያልሰማነው እኛ ነን።

ሌላም ችግር አለ፣ አለካኩ ላይ። አይጥ «እዚህ ጋ ያመኛል» አትልም። ተመራማሪው እግሯን በቀጭን ክር ይወጋል ወይም ትኩስ ሳህን ላይ ያስቀምጣታል፣ እግሯን ለማንሳት የፈጀባትን ጊዜም ይቆጥራል። የሚለካው እግር መሸሽ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሌሊት ብርድ ልብሱን ገልጦ «እግሬ ነደደ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው» ሲል ግን የነካው ነገር የለም። ማንም ሳይወጋው፣ ማንም ሳያሞቀው፣ ከውስጥ የሚነድ ሕመም ነው። እግር ማንሳትን እየቆጠርን ይህን እናክማለን ማለት ከባድ ድፍረት ነው።

የሆነው ሆኖ መድኃኒቶቹ ተሠሩ። ከታወቁት አንዱ የፋይዘር ነው። በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠራ ነበር፣ ናቭ 1.7ን ለይቶ ይዘጋል። የስኳር ሕመም እግራቸውን ባቃጠለባቸው ሰዎች ላይ ተሞከረ፣ ውጤቱ በ2018 ወጣ። ከፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን፣ በቂ ልዩነት አላሳየም። እዚያው ጥናት ውስጥ ለማነጻጸሪያ የገባው ነባሩ የነርቭ ሕመም መድኃኒት ፕሪጋባሊን ግን ሠርቷል። ስለዚህ ሙከራው ራሱ የተበላሸ ነበር ማለት አይቻልም። ከዚያ በፊትም አልማዝ ባለጭራ ከሚባለው ሕመም በኋላ የሚቀረውን ስቃይ ለማስታገስ በቅባት መልክ የተሞከረ ሌላ መድኃኒት ወድቆ ነበር። አንድ በአንድ ኩባንያዎቹ ፊታቸውን አዞሩ።

ለምን?

መልሱን ፍለጋ ሁለት ቡድኖች የሄዱበትን መንገድ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። በኦክስፎርድ የዴቪድ ቤኔት ቡድን ናቭ 1.7 የሌላቸውን ሰዎች ራሳቸውን መረመረ። ከቆዳቸው ናሙና ወሰዱ። ነርቫቸው ውስጥ ፀጉር የምታህል መርፌ አስገብተው ምልክቱን አዳመጡ። ከሰዎቹ ሴል ወስደው ሳህን ላይ የሕመም ነርቭ አሳደጉ። በ2019 ያሳተሙት እንዲህ ይላል፦ ሕመም የሚያደርሱት ቀጫጭን ክሮች እነዚህ ሰዎች ላይ የሉም። ሳህን ላይ ያደጉት ሴሎችም ሲቀሰቀሱ በቅጡ አይመልሱም። ነገሩ በሩ የመዘጋት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ መንገዱ ራሱ የለም።

በ2021 ደግሞ የለንደኖቹ የአይጦቹን ሥራ አሳተሙ። ናቭ 1.7 የወጣላቸው አይጦች ነርቫቸው አለ፣ ሲነካም ምልክት ይልካል፣ ከጤነኛው ብዙም አይለይም። የተቋረጠው መጨረሻው ላይ ነው፣ ክሩ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ገብቶ መልእክቱን ለሚቀጥለው ሴል የሚያስረክብበት ቦታ። እዚያ ላይ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ሞርፊን መሰል ነገር ርክክቡን አፍኖታል። ይህ ለአይጥ ብቻ አይደለም። ናሎክሶን የሚባለው፣ ሞርፊን የበዛበትን ሰው የሚቀሰቅሰው መድኃኒት፣ ከተወለደች ጀምሮ ሕመም ለማታውቅ አንዲት የ39 ዓመት ሴት ሲሰጣት ሙቀት ማመም ጀመራት። ይህ በ2015 ታትሟል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «አመመኝ» ማለት! ስለዚች ሴት ብዙ አስባለሁ።

ሁለቱ ሥራዎች በሁሉም ነገር አይስማሙም፣ ክርክሩም አላበቃም። ለመድኃኒቱ ያላቸው ትርጉም ግን ወደ አንድ ቦታ ይወስደኛል። ክኒን ውጠህ ለጥቂት ሳምንታት በሩን ብትዘጋው፣ ከእናትህ ማህፀን ጀምሮ በሩ የሌለህን ሰው አትሆንም። የእሱ ክሮች ጭራሽ የሉም፣ ያንተ አሉ። ደግሞ ወሳኙ ቦታ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱ እዚያ መድረስ አለበት፣ እነዚህ መድኃኒቶች ግን ከደም ወደ አንጎልና ወደ ህብለ ሰረሰር የሚያልፈውን የሚያጣራውን አጥር በደንብ የሚሻገሩ አልነበሩም። የኦክስፎርዶቹ እንዲያውም በሙከራ ላይ ከነበሩት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ናቭ 1.7ን ለይተው እንደማይዙ አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ብዙ ቆይቷል። የሰው የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ያለው ሴል በትክክል ምን ይመስላል? ማየት ቀላል አልነበረም። ከሕያው ሰው ቆርጠህ አታወጣውም። መንገዱ የተከፈተው የአካል ክፍል ከሚለግሱ ሰዎች ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ኩላሊቱና ጉበቱ ለሌላ እንዲሰጥ ሲፈቅድ የነርቭ ቋጠሮውም ለምርምር እንዲወሰድ ይፈቅዳል። በቴክሳስ ዳላስ ዩኒቨርሲቲ የቴዎዶር ፕራይስ ቡድን በዚህ መንገድ ብዙ ሠርቷል። በዚያ የሐዘን ሰዓት እሺ ያሉትን ቤተሰቦች ባስታወስኩ ቁጥር አመስጋኝ ነኝ።

ያዩት ብዙ ነው። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለን ትሪፒቪ1 በሚባል በር በኩል ነው፣ የተገኘው በ1997 ከአይጥ ነርቭ ነው፣ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስም በ2021 ኖቤል ተካፍሎበታል። አይጥ ላይ ይህ በር ያለው ከነርቭ ቋጠሮ ሴሎች 32 በመቶ ገደማው ላይ ነው። ሰው ላይ 75 በመቶ ገደማ! የአይጥ የሕመም ነርቮች ደግሞ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ ተብሎ ለዓመታት በየመማሪያ መጽሐፉ ተጽፏል። ሰው ላይ የሁለቱ ጎራ ምልክቶች አንድ ሴል ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። በ2022 ሴሎቹ በጂን አሠራራቸው ተለይተው ካርታ ሲወጣላቸው ከአይጡ ጋር የሚዛመዱ ብዙ ነበሩ፣ ለአንዳንዶቹ ግን ቁርጥ ያለ አቻ አልተገኘም።

ናቭ 1.7ስ? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚገርመው። በ2018 የታተመ ንጽጽር እንዳሳየው የሰው የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ የሶዲየም በሮችን ለመሥራት ከጂኖቹ ከሚወጣው መልእክት ግማሽ ያህሉ የናቭ 1.7 ነው። አይጥ ላይ ከአምስት አንድ እንኳን አይሞላም፣ እዚያ የሚበዛው ናቭ 1.8 ነው። እንግዲህ የምንፈትንበት እንስሳ ላይ የበሮቹ ድርሻ ራሱ ሌላ ነው። አይጥ ላይ ይህን ያህል ዘግተህ ያገኘኸው ውጤት ሰው ላይ ምን ያህል መዝጋት እንደሚያስፈልግህ አይነግርህም። ከዚህ ላይ ያንን አንድ ሜትር ክር ጨምሩበት።

ስለ ናቭ 1.7 ሳወራ የአገራችንን ፍጡር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ምድር ውስጥ የሚኖር ፀጉር አልባ ፍልፈል አለ። በጠባብ ጉድጓድ ታፍነው ስለሚኖሩ አየሩ በተቃጠለ አየር የተሞላ ነው፣ ያ ደግሞ ሰውነት ውስጥ አሲድ ስለሚሆን እኛን ቢሆን ዓይንና አፍንጫ ይለበልባል። ፍልፈሏን አሲድ አያማትም። በርሊን ውስጥ የጋሪ ልዊን ቡድን በ2011 ምክንያቱን አገኘ፣ ናቭ 1.7 ነው። የፍልፈሏ ናቭ 1.7 አነስተኛ ለውጥ ስላለበት አሲድ ሲመጣ በሩን ራሱ አሲዱ ይዘጋዋል። ቀስቃሹ ራሱ ምልክቱን ያጠፋዋል። አንድ ጂን፣ በፓኪስታኑ ልጅ ላይ እንዲያ፣ በእኛዋ ፍልፈል ላይ እንዲህ።

ታዲያ ናቭ 1.7ን መዝጋት ጭራሽ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። ያው የፋይዘር መድኃኒት እነዚያ እግራቸው የሚነድባቸው የኤሪትሮሜላልጂያ ታማሚዎች ላይም ተሞክሮ ነበር፣ በ2016 ታትሟል። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ከራሳቸው ሰውነት በተወሰደ ሴል ሳህን ላይ ነርቭ አደገላቸው፣ መድኃኒቱ ሳህኑ ላይ የነርቩን መቅበጥበጥ አበረደ፣ ሰዎቹንም በሙቀት ሲቀሰቅሷቸው አብዛኞቹ ላይ ሕመሙን ቀነሰ። የሕመሙ ምንጭ በሩ ራሱ ሲሆን በሩን መዝጋት ይጠቅማል። ለእኔ ይህ በስኳር ሕመምተኞቹ ላይ ከወጣው ውድቀት ጋር አብሮ መነበብ አለበት፣ ምክንያቱም ሁለቱም የተነገሩን በሰው ነርቭ ነው።

ኩባንያዎቹም አሁን አሠራራቸውን ቀይረዋል፣ ከለጋሾች የተገኘ የሰው ነርቭ ላይ ቀድመው ይሞክራሉ። ቨርቴክስ የሚባለው ኩባንያ ጎረቤቱን በር፣ ናቭ 1.8ን፣ የሚዘጋ ሱዜትሪጂን የሚባል መድኃኒት ሠራ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ጥር 30 ቀን 2025 ፈቀደለት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ዓይነት አጣዳፊ ሕመም ነው። ሱስ አያስይዝም። ወገብ ላይ ነርቭ ተጭኖ እግር ድረስ ለሚወርድ ሕመም ሲሞከር ግን ሕመሙ ቢቀንስም ባዶ ክኒን የወሰዱት ላይም ያንኑ ያህል ቀንሷል። ሌሊት እግሬ ነደደ ለሚለው የስኳር ሕመምተኛ የታሰበው ትልቁ ሙከራ የተጀመረው በ2024 ነው።